ከፍሎሪዳ የመጣው ቤዝ

ሁለት ሙዚቀኞች በጃኮ ፓስቶሪየስ የመጀመሪያ አልበም ላይ ያደረጉት ምልልስ ነው። አንደኛው አዲስ አበባ ውስጥ ቤዝ ጊታር ሲጫወቱና ሲያስተምሩ የኖሩ ናቸው፤ ሁለተኛዋ ቫዮሊን ትጫወታለች። ዓመታቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ቫዮሊኒስቷ፦ ጋሼ፣ የሰጡኝን አልበም ከዳር እስከ ዳር ሰማሁት። ከመነሻው ግን አንድ ጥያቄ አለኝ። ስለ ጃኮ ፓስቶሪየስ ሲወራ ሰው ሁሉ የሚጀምረው ከአንድ ቦታ ነው፤ “የቤዙን ፍሬት ነቅሎ ጣለው” ይላል፣ እንደ ተአምር። ቫዮሊን ፍሬት፣ ማለትም አንገት ላይ የኖታውን ቦታ የሚለዩት የብረት መስመሮች፣ ኖሮት አያውቅም። ቼሎም፣ ኮንትራባስም እንደዚያው። ታዲያ ምኑ ነው የሚደንቀው?

ቤዚስቱ፦ በራሱ አይደንቅም። ፍሬት የሌለው ኤሌክትሪክ ቤዝ ከጃኮ በፊትም ነበረ። የሮሊንግ ስቶንሱ ቢል ዋይማን በ1960ዎቹ መጀመሪያ የራሱን ቤዝ ፍሬት አውልቆ ተጫውቶበታል። አምፔግ የተባለው ኩባንያ በ1966 ፍሬት አልባ ቤዝ ሠርቶ ለገበያ አውጥቷል። ስለዚህ “የመጀመሪያው” የሚለውን ማዕረግ ለጃኮ ማልበስ አያስፈልግም፤ ሥራው ያለ እሱም ይቆማል። ነገሩ የሚገባሽ የኤሌክትሪክ ቤዝን አመጣጥ ስታውቂ ነው።

ቫዮሊኒስቷ፦ ይንገሩኝ።

ቤዚስቱ፦ ከ1951 በፊት ቤዚስት ማለት ያንን ትልቅ ኮንትራባስ ተሸክሞ ከከተማ ከተማ የሚዞር ሰው ነው። ድራሙና ትራምፔቱ ሲጮኹ የእሱ ድምፅ አይሰማም። ሊዮ ፌንደር ካሊፎርኒያ ውስጥ ለዚህ መፍትሔ ሠራ፤ እንደ ጊታር በትከሻ የሚንጠለጠል፣ በአምፕሊፋየር የሚጮህ፣ አንገቱ ላይ ፍሬት ያለው ቤዝ። ስሙንም “ፕሪሲዥን” አለው፤ ጣትሽን በሁለት ፍሬት መካከል ካሳረፍሽ ኖታው በትክክል ይወጣልና። ጊታር የያዘ ሁሉ በአንድ ቀን ቤዚስት መሆን ቻለ። ጃኮ የተወለደውም በዚያው ዓመት፣ በታኅሣሥ ወር ነው። እንግዲህ ፍሬቱ ለመሣሪያው መወለድ አንዱ ምክንያት ነበር። እሱን ያወለቀ ሰው መሣሪያው የሰጠውን ዋስትና በፈቃዱ ይመልሳል። ጥያቄው በምትኩ ምን አገኘ የሚለው ነው።

ቫዮሊኒስቷ፦ ምን አገኘ?

ቤዚስቱ፦ የሰው ድምፅ የሚመስል ድምፅ። መሣሪያው የ1962 ፌንደር ጃዝ ቤዝ ነበር። ፍሬቶቹን አወለቀ፣ ክፍተቶቹን በእንጨት መሙያ ደፈነ፣ ከዚያ ፊንገርቦርዱን ለጀልባ በሚቀባ ኢፖክሲ ደራርቦ ቀባው። ያደገበት ፎርት ላውደርዴል የቦይና የጀልባ ከተማ ነው፤ ይህ ነገር እዚያ ብርቅ አይደለም። ቅባቱ ለምን አስፈለገ ብትዪ፣ የሚጠቀምባቸው ሮቶሳውንድ የተባሉ ክሮች ብረታቸው ሻካራ ነው፤ ባዶ እንጨት ላይ ቢሆኑ እንደ ሞረድ ይበሉታል። ኢፖክሲው እንጨቱን ከጉዳት አዳነው። ከዚያ በላይ ግን ክሩ የሚያርፍበት ቦታ እንደ መስተዋት ስለጠነከረ፣ ኖታው ቶሎ አይሞትም፣ ከተመታ በኋላ እያበበ ይሄዳል። ቀኝ እጁን ወደ ድልድዩ አስጠግቶ ነው የሚመታው፤ የኋላውንም ፒክአፕ ከፍ ያደርገዋል። ስለዚህ ድምፁ ወፍራም ጉርምርምታ አይደለም፤ ጠበብ ያለ፣ ትንሽ በአፍንጫ የሚናገር፣ ቃል የሚያወጣ ዓይነት ነው።

ቫዮሊኒስቷ፦ “ኮንቲኒዩም” ላይ ይህን ሰምቻለሁ። ቪብራቶውን እንደኛ ጣቱን ክሩ ላይ እያወዛወዘ ነው የሚያመጣው። እውነቱን ለመናገር ያስደነቀኝ መወዛወዙ አይደለም፤ የሚያርፍበት ቦታ ነው። ከአንዱ ኖታ ወደ ሌላው ተንሸራቶ ሲደርስ ልክ መሃሉ ላይ ያርፋል። ቫዮሊን የሚያስተምር ሁሉ ይህን ለማግኘት ስንት ዓመት እንደሚፈጅ ያውቃል። በወፍራም ክር ላይ ደግሞ ትንሽ ስሕተት እንኳ ሙዚቃውን በሙሉ ያዘነብለዋል፤ የባንዱ መሠረት የቆመው እዚያ ላይ ነውና።

ቤዚስቱ፦ የተደፈኑት የፍሬት ክፍተቶች መስመራቸው ይታይ ስለነበር ዓይኑ ይረዳው ይሆናል። ግን በዚያ ፍጥነት ዓይን አይደርስም፤ ጆሮ ነው። “ኮንቲኒዩም”ን ካነሳሽ ደግሞ አንድ ታሪክ አለ። ዌዘር ሪፖርት ከተባለው ባንድ መሥራቾች አንዱ የሆነው ጆ ዛዊኑል ማያሚ ኮንሰርት አቅርቦ ሲወጣ፣ ይህ ፀጉሩ የረዘመ ወጣት ቀርቦ በዓለም አንደኛው ቤዚስት እኔ ነኝ አለው። ዛዊኑል አባረረው፤ ልጁ ግን አልሄደም። በኋላ የላከለትን ቴፕ ሲሰማ ዛዊኑል የጠየቀው፣ ኤሌክትሪክ ቤዝስ ትጫወታለህ ወይ ብሎ ነው ይባላል። የሰማው ኮንትራባስ መስሎታል። ዛዊኑል የቪየና ሰው ነው፤ በክላሲካል ትምህርት ያደገ ጆሮ ነው የተሳሳተው።

ቫዮሊኒስቷ፦ “ዶና ሊ”ንስ? አልበሙ የሚከፈተው በእሷ ነው። ጃዝ ለማያዘወትር ጆሮ ፍጥነት ብቻ ነው የሚሰማው።

ቤዚስቱ፦ ፍጥነቷ ትንሹ ነገር ነው። “ዶና ሊ” በ1947 ቻርሊ ፓርከር በአልቶ ሳክስፎን ያስቀረጻት ሥራ ናት። በፓርከር ስም ትመዝገብ እንጂ ማይልስ ዴቪስ በሕይወት ታሪኩ መጽሐፍ የእኔ ድርሰት ናት ብሏል። “ኢንዲያና” በሚባል የቆየ ዘፈን ኮርዶች ላይ የተሠራች ናት። ሳክስፎን ተጫዋች ሲጫወታት ከኋላው ፒያኖ አለ፣ ቤዝ አለ፣ ድራም አለ፤ እሱ ሲበር እነሱ መንገዱን ያሳዩታል። ጃኮ ይህን ሁሉ አስወጣው። ከእሱ ጋር የቀሩት ከበሮ መቺው ዶን አልያስና ኮንጋዎቹ ብቻ ናቸው። ኮርድ የሚመታ አንድም ሰው የለም።

ቫዮሊኒስቷ፦ ስለዚህ ኮርዱን ዜማው ራሱ ማሰማት አለበት።

ቤዚስቱ፦ አዎ! እስቲ በዚህ ጆሮ መልሰሽ ስሚያት። እያንዳንዱ ኮርድ መጥቶ ሲያልፍ ይታወቅሻል፤ ማንም ሳይነግርሽ። ያ ደግሞ በጣት ልምምድ አይመጣም፤ በጭንቅላት ነው። ባለፍሬቱም ቤዝ ላይ ብትሆን እኮ ያው ትልቅ ሥራ ነበረች። የልጁን ድፍረት ደግሞ ተመልከቺ፤ ሲቀረጽ 23 ዓመቱ ነው፣ የመጀመሪያ ሸክላው ነው፣ ለሬዲዮ የሚሆን የሚያስጨፍር ዘፈን አለው። እሱ ግን አልበሙን በቤዝና በኮንጋ ብቻ ከፈተው።

ቫዮሊኒስቷ፦ እዚህ ላይ እኔ ከእርስዎ እለያለሁ። “ዶና ሊ” አልቃ ትንፋሽ ሳልወስድ “ካም ኦን፣ ካም ኦቨር” ገባ፤ ሳም እና ዴቭ ይዘፍናሉ፣ ብራሱ ይጮሃል፣ ንጹሕ የሶል ዘፈን። ቀጥሎ “ኮንቲኒዩም” ተንሳፈፈ። ከዚያ “ኩሩ” ከነቫዮሊኖቹ። ከዚያ ቤዝ ብቻውን። ገጹን ሲገለብጡት ስቲል ፓን፣ ቀጥሎ ፍሬንች ሆርን፣ ቀጥሎ የኩባ ዳንስ፣ መጨረሻ ላይ ፒያኖና ቫዮሊኖች። ዘጠኝ ሥራ፣ ዘጠኝ ዓለም። አልበም ነው ወይስ የሥራ ማመልከቻ? አንድ ወጣት “ይህንንም እችላለሁ፣ ያንንም እችላለሁ” እያለ በር የሚያንኳኳ ነው የመሰለኝ።

ቤዚስቱ፦ ይህን ብዙ ሰው ብሏል። እኔ ግን የተበታተነ አይመስለኝም፤ ከየት እንደመጣ ስለማውቅ ነው። ልጁ የተወለደው ፔንሲልቬንያ ነው፤ ያደገው ግን ደቡብ ፍሎሪዳ። ካርታውን አስቢው። ማያሚ ከሃቫና የአንድ ሰዓት በረራ እንኳ አይሞላም። ከኩባ አብዮት በኋላ ኩባውያን በመቶ ሺዎች ወደዚያ ፈልሰዋል፤ ኮንጋና ባታ የተባሉ ከበሮዎቻቸውን ይዘው ነው የመጡት። ስቲል ፓን የሚመታው ኦቴሎ ሞሊኖ የትሪኒዳድ ሰው ነው፣ ኑሮው ፍሎሪዳ። ሳም እና ዴቭ ተገናኝተው ዱዬት የሆኑት ማያሚ ውስጥ ነው። የጃኮ አባት የጃዝ ዘፋኝና ድራመር ነበር። ልጁ ራሱ በሽርሽር መርከብ ላይ እየተጫወተ በካሪቢያን ወደቦች ዞሯል። እንግዲህ ሶሉ፣ ኮንጋው፣ ፓኑ፣ ጃዙ ለእኔና ለአንቺ የተለያየ መደርደሪያ ላይ የተቀመጠ ዕቃ ነው። ለእሱ የአንድ ሰፈር ድምፅ ነው። አልበሙ ስለ ቤዝ ሳይሆን ስለዚያ ሰፈር ነው።

ቫዮሊኒስቷ፦ የሰፈር ድምፅ ገና ድርሰት አይደለም። ገበያ መሃል ቆሜ የምሰማው ሁሉ ከአንድ ቦታ የመጣ ነው፤ ግን ማንም አልደረሰውም። የሚያስረው ክር የቱ ነው?

ቤዚስቱ፦ የድራመር እጅ። ጃኮ መጀመሪያ ድራመር ነበር። በልጅነቱ የአሜሪካን ፉትቦል ሲጫወት የእጁ አንጓ ተጎዳ፤ እንደ ልቡ መምታት ሲያቅተው ነው ወደ ቤዝ የዞረው። “ካም ኦን፣ ካም ኦቨር” ላይ ዘፋኞቹን ተያቸውና ከሥር ያለውን ቤዝ ብቻ ተከተዪ። ኖታ የምትያቸው ጥቂት ናቸው፤ በመካከላቸው ግራ እጁ አፍኖ የሚያልፋቸው፣ ድምፅ ሳይሆን ምት ብቻ የሆኑ ብዙ ንክኪዎች አሉ። ያንን ከሶል ቤዚስቶች ነው የተማረው፤ በተለይ ከጄሪ ጄሞት። በ1985 በቀረጸው የማስተማሪያ ቪዲዮ ላይ ተቀምጦ የሚጠይቀው ራሱ ጄሞት ነው፤ ተማሪው ከመምህሩ ፊት። ያ ምት “ዶና ሊ” ውስጥ አለ፣ “ኩሩ” ውስጥ አለ፣ “ቻ ቻ”ው ውስጥ አለ። ልብሱ ይለዋወጣል እንጂ የሚራመደው ሰው አንድ ነው።

ቫዮሊኒስቷ፦ “ኩሩ” ላይ እስማማለሁ። እንዲያውም የእኔ ምርጥ እሷ ናት። ጃዝ ውስጥ ቫዮሊን ሲገባ ብዙ ጊዜ የሚሰጠን ሥራ ትራስ መሆን ነው፤ ረጃጅም ኖታ ይዘን ከኋላ መጋደም። “ኩሩ” ላይ ግን ቫዮሊኖቹ ይሮጣሉ፣ ይቆርጣሉ፣ ከቤዙና ከኮንጋው ጋር ይፎካከራሉ። ልክ እንደ ምት መሣሪያ ነው የጻፈላቸው። ከዚያ ያ ሁሉ ጥድፊያ ተከፍቶ “ስፒክ ላይክ ኤ ቻይልድ” ሲገባ፣ ኸርቢ ሃንኮክ በራሱ የ1968 ድርሰት ላይ ራሱ ፒያኖ ሲጫወት… እዚያ ጋ ተነስቼ ቆሜያለሁ። አንድ የሃያ ሦስት ዓመት ልጅ የሃንኮክን ሥራ ከራሱ ሥራ ጋር ሰፍቶ ለሃንኮክ ሲያቀርብለት ይታይዎታል?

ቤዚስቱ፦ ሃንኮክ ያን ጊዜ ከ“ሄድ ሀንተርስ” በኋላ ስሙ የናኘ ሰው ነው። እሱ መጥቶ ተጫወተ፤ የሸክላውን ሽፋን ጽሑፍም የጻፈው እሱ ነው። ዌይን ሾርተር መጣ፣ ኸበርት ሎውስ መጣ፣ የብሬከር ወንድማማቾች፣ ዴቪድ ሳንቦርን መጡ። ማንም ለማያውቀው ልጅ። ይህን በር የከፈተው ቦቢ ኮሎምቢ ነው፤ የብለድ፣ ስዌት ኤንድ ቲርስ ድራመር። ፎርት ላውደርዴል ውስጥ በአንድ ክለብ የምትሠራ ወጣት ባሌ በዓለም አንደኛ ቤዚስት ነው አለችው። ባልየው ሲጫወት ሰማው፤ ኤፒክ የተባለውን አሳታሚ አሳመነ፤ በ1975 ጥቅምት ኒውዮርክ ውስጥ፣ በኮሎምቢ በራሱ ቤት ባለው ስቱዲዮ ጭምር፣ ቀረጹት። ያቺ ሴት ትሬሲ ናት።

ቫዮሊኒስቷ፦ “ፖርትሬት ኦቭ ትሬሲ”።

ቤዚስቱ፦ አዎ። እሷን አንቺ ብታስረጂኝ ይሻላል፤ ሃርሞኒክስ የእናንተ ቤት ነው።

ቫዮሊኒስቷ፦ እኛ ፍላጆሌት እንለዋለን። ክሩን ሳይጫኑ በተወሰነ ቦታ ላይ ጣትን ለስለስ አድርጎ ማሳረፍ ነው። ግማሹ ላይ ካሳረፉ ኦክታቭ ይወጣል። ሲሶው ላይ ኦክታቭና አምስተኛ። ሩቡ ላይ ሁለት ኦክታቭ። አንድ አምስተኛው ላይ ሁለት ኦክታቭና ሜጀር ሦስተኛ፤ ይህቺኛዋ ከፒያኖው ሦስተኛ በጥቂቱ ዝቅ ትላለች፣ ለዚህም ነው ጣዕሟ የሚለየው። ሁሉም ክር ውስጥ ተኝተው ያሉ ኖታዎች ናቸው፤ ማንም አልፈጠራቸውም። ቫዮሊን ላይ ግን ክሩ 33 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ ሃርሞኒክሱ ቀጭን ሆኖ እንደ ፉጨት ይሰማል። የቤዝ ክር 86 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። በዚያ ርዝመት ላይ ከፍ ያሉት ሃርሞኒክሶች እንኳ ቦታ አላቸው፣ ድምፃቸው ሙሉ ነው፣ ቆይተው ይጮሃሉ።

ቤዚስቱ፦ ከዚያስ?

ቫዮሊኒስቷ፦ ከዚያ እሱ አንድ ኖታ በአንድ ጣት ከሥር ተጭኖ ይይዝና፣ በሌላው ጣት ሃርሞኒክሶቹን ከላይ ያክልበታል። መሠረቱም ጣሪያውም በአንድ እጅ። ኮርዱ እንደ ደወል ይሰማል፤ የሚጫወተው ግን አንድ ሰው፣ ያለ አጃቢ፣ አራት ክር ባለው መሣሪያ ነው። አንድ ነገር ላክል፤ ይህ ሥራ ከፍሬት መውለቅ ጋር የሚያገናኘው እምብዛም የለም። ሃርሞኒክስ ባለፍሬትም ላይ ይወጣል። ስለዚህ ሰው ሁሉ “ፍሬቱን ነቀለ” ሲል የዚህን ልጅ ግማሽ ሥራ ትቶ ነው። እዚህ ያለው ጆሮና ድርሰት ነው።

ቤዚስቱ፦ በቃ፣ የእኔንም ክርክር አንቺ ጨረስሽልኝ።

ቫዮሊኒስቷ፦ አልጨረስኩም። ሁለተኛው ገጽ ላይ “ኦፐስ ፖከስ” ይረዝምብኛል። ግሩቩ ይመጣል፣ ፓኖቹ ይገባሉ፣ ሾርተር በሶፕራኖ ይናገራል፣ ሁሉም ደስ ይላል፤ ግን የሚሄድበት የለም። ከ“ኩሩ” ጎን ሳስቀምጠው ገና ያልተጻፈ ነው።

ቤዚስቱ፦ እሱን እኔ ለፓኑ ስል ይቅር እለዋለሁ። ትሪኒዳድ ውስጥ ከዘይት በርሜል ተቀጥቅጦ የተሠራ መሣሪያ ያን ጊዜ በአሜሪካ ጃዝ አልበም ላይ እንደ ሌላው ሶሎ ተጫዋች እኩል ቦታ ሲያገኝ ትንሽ ነገር አይደለም። ለቱሪስት መዝናኛ ነበር የሚታየው። ጃኮ ሞሊኖን በኋላም አልለቀቀውም፤ በ“ወርድ ኦቭ ማውዝ” አልበሙም አብሮት ነበር።

ቫዮሊኒስቷ፦ ምክንያቱን አከብራለሁ። ሥራው ግን አሁንም ይረዝማል።

ቤዚስቱ፦ ይርዘም እንግዲህ። “ኦኮንኮሌ ኢ ትሮምፓ”ስ?

ቫዮሊኒስቷ፦ እሱ ላይ ቃል የለኝም። ቤዙ በሃርሞኒክስ አንዲት ትንሽ ቅርጽ ይዞ ሳይታክት ይደጋግማል፣ ከበሮው ከሥሩ ይዞራል፣ ፍሬንች ሆርኑ ከላይ በራሱ ጊዜ ይሄዳል። ምቱ የት እንደሚጀምር ፈልጌ አጣሁት።

ቤዚስቱ፦ ኦኮንኮሎ ማለት ከሦስቱ የባታ ከበሮዎች ትንሿ ናት። ከዮሩባ ምድር በባርነት ተግዘው ኩባ የደረሱ ሰዎች ለአምልኮ የሚመቷት። የእሷ ሥራ ያንኑ አንድ ነገር ሳያዛንፉ መድገም ነው፤ ትልቋ ከበሮ የምትናገረው ትንሿ ስላልተናወጠች ነው። ጃኮ እዚያ ላይ የቤዙን ድርሻ ለትንሿ ከበሮ ሰጠው። “በዓለም አንደኛ ነኝ” ያለው ልጅ በራሱ አልበም ላይ የደጋሚውን ቦታ ወሰደ፣ ዜማውን ለሆርን ተወ። ተማሪዎቼ ይህን ሥራ ዘለው ነው የሚያልፉት።

ቫዮሊኒስቷ፦ ተማሪዎችዎ ምን ይጫወታሉ?

ቤዚስቱ፦ “ፖርትሬት ኦቭ ትሬሲ”ን። ሁሉም። ከቪዲዮ ላይ የጣቱን ቦታ እየቆጠሩ ይይዟታል። ከዚያ ድራም አስገብቼ ቀላል አራት አራት ግሩቭ ጠብቁ ስላቸው ይሮጡብኛል። ይህ የእኛ ልጆች ችግር ብቻ አይደለም። አልበሙ ከወጣ በኋላ ከሎስ አንጀለስ እስከ ለንደን ስንቱ ቤዝ ፍሬቱን አጥቷል! ያን ድምፅ ገብቶት ወደ ሌላ ቦታ የወሰደው ግን ጥቂት ነው። ፒኖ ፓላዲኖን እወዳለሁ፤ በ1983 ለፖል ያንግ ዘፈን ፍሬት አልባ ቤዝ ሲጫወት እንደ ሁለተኛ ዘፋኝ ነው የሚመልስለት፤ ፍጥነት የለም፣ ንግግር ነው ያለው። ቪክተር ቤይሊ፣ ጃኮ በኋላ ዌዘር ሪፖርት ውስጥ የያዘውን ወንበር ሲወርስ የራሱን ነገር ይዞ ነው የገባው። ሌላው ብዙው ሰው የወሰደው ፍጥነቱንና ሃርሞኒክሱን ነው። ለብራስ መጻፍን፣ ለቫዮሊን መጻፍን፣ ዝም ማለትን አልወሰደም።

ቫዮሊኒስቷ፦ መጻፉን ከየት ተማረው? ትምህርት ቤት?

ቤዚስቱ፦ መንገድ ላይ። በ1972 ዌይን ኮክራን የሚባል የሶል ዘፋኝ ባንድ ውስጥ ገባ፤ ብዙ ብራስ ያለው፣ በአውቶቡስ ከከተማ ከተማ የሚዞር ባንድ። የባንዱን ሙዚቃ የሚመራው ቻርሊ ብሬንት ነበር፤ ኖታ አጻጻፍንና አደራደርን ያሳየው እሱ ነው። ማታ ማታ ይጫወታል፣ ቀን ይጽፋል፣ የጻፈውን በማግስቱ ባንዱ ሲጫወተው ይሰማል። ከዚያ የተሻለ ትምህርት ቤት የት አለ? በኋላ ራሱ በማያሚ ዩኒቨርሲቲ ቤዝ አስተማረ። ፓት ሜትኒም ያን ጊዜ እዚያው ነበር፤ “ብራይት ሳይዝ ላይፍ” የተባለውን የሜትኒን አልበም አብረው የቀረጹት በዚያው በ1975 ታኅሣሥ፣ ጀርመን አገር ነው።

ቫዮሊኒስቷ፦ አንድ ነገር ልጠይቅዎና አይቆጡኝ። አልበሙን ስሰማ መጨረሻውን እያሰብኩ ነው የሰማሁት። በአእምሮ ሕመም መሰቃየቱን፣ ኒውዮርክ ጎዳና ላይ ማደሩን፣ በ1987 መስከረም ፍሎሪዳ ውስጥ አንድ ክለብ በር ላይ ተደብድቦ በ35 ዓመቱ መሞቱን። ሽፋኑ ላይ ያለው ጥቁርና ነጭ ፎቶ፣ ያ ቀጥ ብሎ የሚያይ ፊት… ሳላስበው ማለፍ አልቻልኩም። እርስዎ ይችላሉ?

ቤዚስቱ፦ አልቆጣሽም፤ ነገሩ ግን ያስቆጣኛል። ሰዎች የእሱን ታሪክ ከሞቱ ጀምረው ወደ ኋላ ነው የሚያወሩት። ከዚያ ሕመሙን የተሰጥኦው ዋጋ ያደርጉታል። “ሊቅ ስለነበር አበደ፤ አብዶ ስለነበር ሊቅ ሆነ” ይላሉ። እኛም አገር ስለ ሙዚቀኞች እንዲህ ሲወራ ሰምተሻል። እኔ ይህን አልቀበልም። ሕመሙ አንዲት ኖታ አልጻፈለትም። በ1975 ያ ስቱዲዮ የገባው ልጅ ቀን የሚጽፍ፣ ማታ የሚጫወት፣ ሚስትና ልጆች የሚያስተዳድር፣ የሌሎች ተጫዋቾችን ድርሻ አስቦ በወረቀት ይዞ የሚመጣ ሰው ነው። አልበሙን የሠራው ጤናው ነው። ሕመሙ የሠራው ከዚህ በኋላ ልንሰማቸው ይገቡ የነበሩትን አልበሞች ማጥፋት ነው።

ቫዮሊኒስቷ፦ በዚህ እስማማለሁ። ግን ማወቄን መርሳት አልችልም። “ፎርጎተን ላቭ” ላይ ፒያኖውና ቫዮሊኖቹ ብቻ ፊት ለፊት ሲቀሩ፣ የመጨረሻዋ ሥራ በመሆኗ፣ ሌላ ነገር እሰማባታለሁ።

ቤዚስቱ፦ ቫዮሊኖቹን ያቀናበራቸው ማይክል ጊብስ ነው። እኔ እዚያ የምሰማው አንድ ቤዚስት የመጀመሪያ አልበሙን ሲዘጋ መሣሪያውን ሳይሆን ዜማውን ማስቀደሙን ነው። አንቺ ሐዘን ትሰሚያለሽ፤ ስሚ። አልከለክልሽም።

ቫዮሊኒስቷ፦ አሁን ደግሞ ወደ ቤታችን ልምጣ። ለእኛ ቅኝት ፍሬት አልባ ቤዝ ምን ይጨምራል? ክለብ ውስጥ “አንቺ ሆዬ” በኪቦርድና ባለፍሬት ቤዝ ሲታጀብ አንድ ነገር ይጎድለኛል።

ቤዚስቱ፦ የሚጎድልሽ በፍሬቶቹ መካከል ያለው ነው። ማሲንቆ የሚመታ ሰው “አንቺ ሆዬ”ን ሲይዝ ጣቱ የሚያርፍበት ቦታ የፒያኖው ቁልፍ ጋ ልክ አይገጥምም፤ ትንሽ ከፍ፣ ትንሽ ዝቅ ይላል፣ ዘፋኙም እዚያው ነው የሚዘፍነው። ባለፍሬት ቤዝ ይዘሽ እዚያ መድረስ አትችዪም፤ ፍሬት አልባው ያደርስሻል። ጃኮ ይህን አላሰበም፣ ስለ እኛም አልሠራም። ያሳየን ግን ኤሌክትሪክ ቤዝ እንደዚያ መዘመር እንደሚችል ነው። ከዚያ በኋላ ያለው የእኛ ሥራ ነው፤ እሱም እምብዛም አልተሠራም።

ቫዮሊኒስቷ፦ ታዲያ ለምን አንሞክርም?

ቤዚስቱ፦ መጀመሪያ “ኦኮንኮሌ”ን እንያዛት። የቤዙን ሃርሞኒክስ እኔ እይዛለሁ፤ የሆርኑን ድርሻ አንቺ።

ቫዮሊኒስቷ፦ በቫዮሊን ይሳላል። ሆርኑ ትንፋሽ አለው፣ ድምፁ ክብ ነው። በቪዮላ ብሞክረው ይሻላል፣ ቀስቱን ወደ ፊንገርቦርዱ አስጠግቼ።

ቤዚስቱ፦ በቪዮላ ይሁን።

ቫዮሊኒስቷ፦ ምቱንስ? በኮንጋ ፋንታ የእኛን ከበሮ ብናስገባስ?

ቤዚስቱ፦ አይ፣ አሁን አይደለም። ዶን አልያስ የሚመታውን ተማሪዬ ኮንጋ ላይ ኖታ በኖታ ይያዘው፤ ምቱ የት እንደሚጀምር ሦስታችንም ሳንቆጥር ሲታወቀን ከበሮውን እናመጣዋለን። ቅዳሜ ቪዮላሽን ይዘሽ ነይ።